የናፍጣ ፊልትሮ በራስ እጅ መቀየር፦ ከጎጃም መንገድ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶች

የናፍጣ ፊልትሮ ለመቀየር ጋራዥ ወረፋ መያዝ አያስፈልግም፣ ጥያቄ ያለው ይላክልኝ ብዬ ነበር። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ካለው መንገድ ብዙ ጥያቄ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ፤ ፊልትሮ መፍታትና መግጠም ማንም ይችላል። ትልቁ ሥራ ቆሻሻ አለማስገባትና አየር ማስወጣት ነው። መኪናውን መንገድ ላይ የሚያስቀሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ከፍኖተ ሰላም፦ ጋሼ፣ በቆሎ ጭኜ ከዓባይ ድልድይ ወደ ጎሃ ጽዮን ስወጣ አይሱዙዋ ትደክማለች። ሜዳ ላይ ምንም አትል። ፊልትሮ ነው ወይስ ፖምፓ?

መጀመሪያ ፊልትሮውን ጠርጥር፤ ናፍጣውን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚልከው ፖምፓ ኋላ ይታያል። ሜዳ ላይ ሞተሩ ትንሽ ናፍጣ ይበቃዋል፤ ግማሽ የተደፈነ ፊልትሮም ያንን ያሳልፋል። ጭነት ይዞ ዳገት ሲጀምር ግን ብዙ ይፈልጋል፣ ያኔ ያጥረዋል።

ጭሱን ተመልከት። ናፍጣ ያጠረው ሞተር ጥቁር ጭስ አያበዛም፤ ዝም ብሎ ነው የሚሞተው። ትንሽ ቆም ብለህ ስትነሳ ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ደህና ይሆናል። ጥቁር ጭስ እየተፋ ከደከመ የአየር ፊልትሮውንና ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚረጩትን ኖዝሎች እይ። ከፍታውንም አትርሳ። ከድልድዩ እስከ ጎሃ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ ትወጣለህ፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ይህ ድካም ቀስ በቀስ የሚመጣ ነው። ድንገት ጭልጥ ብሎ የሚጠፋ ጉልበት የከፍታ ጣጣ አይደለም። ፖምፓ ማስፈታት ብዙ ብር ነው፤ ፊልትሮ ሳትቀይር እንዳትነካው።

ከደብረ ማርቆስ፦ በስንት ኪሎ ሜትር ይቀየር?

የመኪናህ መጽሐፍ የሚለውን ያዝ። ብዙ መኪኖች ላይ ከ10,000 እስከ 20,000 ነው። ከበርሜልና ከጀሪካን የምትቀዳ ከሆነ ግን ቀደም አድርገው።

ከቡሬ፦ ረዳት ነኝ። ሹፌሩ አንተ ቀይረው ብሎኛል። ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ።

ጎበዝ፣ ከአሁኑ መልመድህ ጥሩ ነው። ስለ ተለመደው፣ እየዞረ ስለሚገባው ፊልትሮ ልንገርህ።

ሜዳ ቦታ አቁሙ። የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማው ሥር ታኮ ይግባ፣ ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ጋቢናው የሚጋደል ከሆነ መቆለፊያው መያዙን በእጅህ ነክተህ አረጋግጥ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጠገብህ አይቁም።

አሁን ፊልትሮውንና መቀመጫውን ከላይ በደንብ ጥረግ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ከነአቧራው ስትፈታው የፒስታ መንገድ አሸዋ በቀጥታ ወደ ፖምፓው መስመር ይገባል። ከጠረግህ በኋላ አናቱ የተቆረጠ ጀሪካን ከሥሩ አስቀምጥና ከታች ያለውን ማፍሰሻ ክፈት። የውሃ ምልክት ሰጪ ሽቦ ካለው ቀስ ብለህ ንቀል። ከዚያ በፊልትሮ መፍቻ ፍታው።

የአሮጌው ጎሚኒ (የላስቲክ ቀለበቱ) አብሮት መውጣቱን እይ። አንዳንዴ መቀመጫው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሳታይ አዲሱን ከደረብህበት ሁለት ጎሚኒ ይሆናል፤ ናፍጣ ያፈሳል ወይ አየር ይስባል። መቀመጫውን ክር በማይተው ንጹሕ ጨርቅ ጥረግ። የአዲሱን ጎሚኒ በናፍጣ አርጥብና በእጅህ አስገባ። ጎሚኒው መቀመጫውን ሲነካ ይታወቅሃል፤ ከዚያ ሁለት ሦስተኛ ዙር ያህል በእጅ ጨምር። ፊልትሮው ላይ ሌላ ከተጻፈ የተጻፈውን ተከተል። በመፍቻ አታጥብቅ፤ ጎሚኒው ይጨፈለቃል።

አየር ማስወጣት ቀጥሎ ነው። ከላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ብሎን ትንሽ ላላ አድርግና ናፍጣ ከታንከሩ የሚስበውን የእጅ ፓምፕ ግፋ። መጀመሪያ አረፋ ያለው ናፍጣ እየተንፈቀፈቀ ይወጣል። አረፋው ጠፍቶ ጥርት ያለ ናፍጣ ሲፈስ፣ እየፈሰሰ እያለ ብሎኑን ዝጋ። ከዚያ ፓምፑ እስኪጠነክርብህ ግፋ። ሞተሩን አስነስታችሁ ለጥቂት ደቂቃ በዝቅተኛ ዙር ተዉት። ፊልትሮውን በደረቅ ጨርቅ ጥረግና የሚረጥብ ነገር ካለ እይ። የመጀመሪያው መንገድ ላይ ስትቆሙ ደግመህ እየው።

ከእንጅባራ፦ አዲሱን ፊልትሮ ናፍጣ ሞልቼ ብገጥመው አይቀልም?

ይቀላል፣ ግን የት በኩል እንደምትሞላው ነው ጉዳዩ። ፊልትሮውን ገልብጠህ እየው። ዙሪያውን ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፣ መሐሉ ላይ አንድ ትልቅ። ብዙዎቹ ላይ ያልተጣራው ናፍጣ በትንንሾቹ ይገባና ተጣርቶ በመሐሉ ይወጣል። በመሐሉ ከሞላህ ያልተጣራ ናፍጣ ፖምፓው ውስጥ ጨመርህ ማለት ነው። ከጀሪካን የቀዳኸው ከሆነማ ያለው ደለል ሁሉ ወደ ኖዝል ሄደ።

አሮጌ ሞዴል ላይ የምትሞላ ከሆነ በትንንሾቹ ብቻ፣ በንጹሕ ናፍጣ፣ ቀስ ብለህ። ኮመን ሬል (ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት በአንድ የጋራ ቱቦ ለኖዝሎቹ የሚያከፋፍል) ያላቸው አዳዲሶቹ ላይ ግን አትሙላ። ደረቁን ግጠምና በእጅ ፓምፑ ሳብ። የኤሌክትሪክ ፓምፕ ካለው ቁልፉን ከፈት ዘጋ እያደረግህ ይሥራልህ።

ከዳንግላ፦ ከቀየርኩ በኋላ ተነስቶ ወዲያው ጠፋ። አሁን አልነሳም አለ።

አየር ነው። መጀመሪያ የተነሳው መስመሩ ላይ በቀረው ናፍጣ ነው። ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ደጋግመህ አታሠቃየው። ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ብቻ ሞክርና አንድ ደቂቃ አሳርፈው፤ አለዚያ ሞተሪኖውም ባትሪውም አብረው ይሄዳሉ። ወደ እጅ ፓምፑ ተመለስ። እየገፋህ ጭራሽ የማይጠነክር ከሆነ አየር የሚስብበት ቦታ አለ። ድርብ ጎሚኒ፣ ያልጠበቀ ብሎን፣ ያረጀ ሮንዴላ (የብሎን ቀለበት)፣ የተሰነጠቀ የላስቲክ ቱቦ፣ በዚህ ቅደም ተከተል ፈልግ። ከታንከሩ እስከ ፓምፑ ያለው መስመር ሳብ የሚደረግበት ነው፤ እዚያ ያለ ቀዳዳ ናፍጣ ሳያንጠባጥብም አየር ያስገባል። ደረቅ ነው ብለህ አትለፈው።

ከሞጣ፦ አየሩን ለማስወጣት የኖዝሉን ቱቦ ላላ አድርገህ ሞተሪኖ ምታ ይሉኛል። መኪናው አዲስ ሞዴል ነው።

አታድርገው ወንድሜ፣ እለምንሃለሁ። ይህ የድሮ ሜካኒካል ፖምፓ ዘዴ ነው። በኮመን ሬል መስመር ላይ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ነው፤ አንዳንዱ 2,000 ይደርሳል። ከዚያ የሚወጣ ናፍጣ በዓይን ላይታይ ይችላል፣ ቆዳ ግን ይበሳል። ቦታው መርፌ የወጋው ያህል ብቻ ነው የሚመስለው። ውስጥ የገባው ናፍጣ ሥጋውን ያበላሸዋል፤ ጣት ወይም እጅ ያስቆርጣል። እንዲህ የደረሰበት ሰው ባያመውም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ፤ ናፍጣ በግፊት ገብቶብኛል ብሎ ለሐኪሙ ይንገር። የሚያፈስ ቦታም በጣት አይፈለግም። ካርቶን አስጠግተህ ነው የሚታየው።

ከመራዊ፦ አሮጌውን በቤንዚን አጥቤ ብመልሰውስ?

አይሆንም። ውስጡ ወረቀት ነው። ቆሻሻው ጠልቆ የገባ ስለሆነ አይለቅም፤ በአየር ስትነፋው ደግሞ ወረቀቱ ይቀደዳል። የተቀደደ ፊልትሮ ከተደፈነው ይብሳል፤ የተደፈነው ቢያንስ ያስቆምሃል።

ከቲሊሊ፦ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ያስቸግረናል። ናፍጣው ረግቶ ይሆን?

በእኛ አገር ብርድ ናፍጣ ሰም ሠርቶ ፊልትሮ መድፈኑ የሚጠበቅ አይደለም። ሞተሩ ሳይነሳ ውስጡን የሚያሞቀውን ካንዴሌታና ባትሪውን እይ። ብርዱ የሚያመጣው ሌላ ጣጣ አለ፣ ውሃ። ታንከሩ ባዶውን ሲያድር ውስጡ ያለው አየር እርጥበቱን ግድግዳው ላይ ይተዋል። ውሃው ወደ ታች ይወርዳል፣ ታንከሩንም ያዝገዋል። ስለዚህ ማታ ሞልተህ አሳድር። ጠዋት ሳታስነሳ ከፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ትንሽ ከፈት አድርግ። ክረምት ላይ በየሳምንቱ ልማድ ይሁንህ።

ከባሕር ዳር፦ የመኪና ባለቤት ነኝ። ሹፌሬ በየወሩ ፊልትሮ ግዢ ይለኛል። እውነት ነው ወይስ እያታለለኝ ነው?

እህቴ፣ ሹፌሩን ከመጠርጠርዎ በፊት አሮጌውን ፊልትሮ ያስመጡ። ውስጡ ያለውን ናፍጣ በባዶ ሃይላንድ ያስገልብጡና ሳይነካ ይደር። ጠዋት ብርሃን ላይ ይዩት። ከታች ለብቻው የተለየ ነገር ከተኛ ውሃ ነው። ቀይ ዱቄት ካለ ታንከሩ ዝጓል። ጥቁር፣ እንደ ዝልግልግ ያለ ነገር ከሆነ ውሃና ናፍጣ በሚገናኙበት ቦታ የሚራቡ ተሕዋስያን ናቸው። ከሦስቱ አንዱን ካዩ ሹፌርዎ እውነቱን ነው፤ ፊልትሮ በየወሩ ቢገዙም አያልቅም።

መፍትሔው ታንከሩን ማውረድ ነው። ናፍጣው ሙሉ በሙሉ ይገልበጥ፣ ውስጡ ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ። የሚስበው ቱቦ ጫፍ ላይ ያለው ወንፊትም ይጽዳ። ቀዳዳ ተገኝቶ ብየዳ ካስፈለገ ናፍጣ የነበረበትን ታንከር ማጽዳት ለሚያውቅ በያጅ ብቻ ይስጡ፤ ባዶ የሚመስል ታንከር ውስጥ የቀረው ትነት ይፈነዳል። ታንከሩ ሲመለስ አዲስ ፊልትሮ ያስገቡ፣ ከዚያ በኋላም አንዱን ትርፍ ፊልትሮ ጋቢና ውስጥ ያስቀምጡለት። ታንከር ከታጠበ በኋላ የቀረ ዝገት የመጀመሪያውን ፊልትሮ ቶሎ ይደፍነዋል፣ ያ ደግሞ የዓባይ በረሃ መሐል ሊሆን ይችላል።