ቃላትን በማክሮ ማቅለም፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ የኮምፒውተር ጽሕፈት እሠራለሁ። አብዛኛው የቤት ኪራይና የሽያጭ ውል ነው። የድሮ ውል ተቀድቶ የሌላ ሰው ስም ወይም ዋጋ ሳይቀየር ከወጣ ሰው ያጣላል። ስለዚህ ከማተሜ በፊት ወሳኞቹን ቃላት ማይክሮሶፍት ወርድ ራሱ በማክሮ ያቀልምልኛል፤ ማክሮ ማለት ሥራውን ወርድ ራሱ እንዲሠራው የሚያዝ አጭር ኮድ ነው። ስለዚሁ የጠየቃችሁኝን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ማክሮ የግድ ነው?

መልስ፦ ለአንድ ሐረግ አትድከሙ። ኮንትሮልና ኤች ተጫኑ። ሐረጉን ፋይንድ ላይ ጻፉ፣ ሪፕሌሱን ባዶ ተዉት፣ ከፎርማት ሃይላይትን መርጣችሁ ሪፕሌስ ኦል በሉ። ጽሑፉ አይነካም፣ ቀለሙ ብቻ ይገባል። ማክሮ የሚጠቅመው ሃያ ሐረግ በየቀኑ እየፈለገ ለሚያቀልም ሰው ነው።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ አማርኛውን ኮዱ ውስጥ ስለጥፈው የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆነብኝ። ኮምፒውተሬ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ኮምፒውተሩ ደህና ነው። በኦልትና ኤፍ 11 የሚከፈተው የኮድ መጻፊያ ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል ሁሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጥ ሥርዓት) አይቀበልም። ፊደሉን በቁጥር መጥራት ይቻላል፤ «ሀ» ለምሳሌ 4608 ነው። ግን ሃያ ሐረግ በቁጥር መጻፍ ያሰለቻል፣ ስህተት ቢገባም ዓይን አያየውም። እኔ ሐረጎቹን በሌላ የወርድ ፋይል እጽፋለሁ፣ በአንድ መስመር አንድ። ማክሮው ያንን ፋይል ከፍቶ መስመር በመስመር ያነባል፣ እያንዳንዱን ውሉ ውስጥ ፈልጎ ያቀልማል። ኮዱ ውስጥ አንድም የአማርኛ ፊደል የለም። አዲስ ሐረግ ሲመጣ ዝርዝሩ ላይ መጨመር ነው፣ አለቀ።

ጥያቄ፦ «አከራይ»ን ያቀልምና «አከራዩ»ን ይዘላል።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! «ለአከራይ» ቢሆን ችግር የለም፣ ቃሉ እንዳለ ውስጡ አለ። ቃሉ ከኋላ ሲረዝም ግን የመጨረሻው ፊደል ራሱ ይለወጣል። ዋይልድካርድ (በቅንፍ ካሉት ፊደሎች አንዱ ቢገኝ የሚቀበል የፍለጋ ምርጫ) አብሩና ዝርዝሩ ላይ አከራ[ይዩዮ] ብላችሁ ጻፉ። «ዮ»ው ለ«አከራዮች» ነው። አጻጻፍ ሲለያይም ያው ነው፦ [አዐዓኣ]መት። ደንበኛው በፈለገው «አ» ቢጽፈው ይገኛል። በአማርኛ ሥራው ያለው እዚህ ጋ ነው፤ ኮዱ ከዚህ ይቀላል።

ጥያቄ፦ የድሮ ሰነድ ላይ ምንም አያገኝም።

መልስ፦ በዩኒኮድ ያልተጻፈ ይሆናል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላም ብዙ ሰው በድሮዎቹ ፎንቶች መጻፉን ቀጥሏል። ፎንቱን ስትቀይሩት ጽሑፉ የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ካለ እሱ ነው። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ይገልበጥ።

ጥያቄ፦ ፋይሉን ዘግቼ ስከፍተው ማክሮው የለም።

መልስ፦ በዶክኤክስ (በተለመደው የወርድ ፋይል ዓይነት) አስቀምጣችሁት ነው፣ እሱ ማክሮ አይዝም። ኖርማል በሚባለው ቴምፕሌት (ወርድ ለአዲስ ሰነድ መነሻ በሚያደርገው ፋይል) ውስጥ አኑሩት፤ በየትኛውም ሰነድ ይሠራል። ከሰው የመጣ ማክሮ ግን ኮዱን ሳታዩ አትፍቀዱ፣ ቫይረስ በዚህ በር ይገባል።

ጥያቄ፦ ስልክ ላይስ?

መልስ፦ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ቀለሙ ታትሞ እንዳይወጣስ?

መልስ፦ ኮንትሮልና ኤ፣ ከዚያ ከሃይላይት ኖ ከለር። ይህንንም በሁለተኛ ማክሮ አስሬዋለሁ፤ ደንበኛው ስክሪኑ ላይ አይቶ «ልክ ነው» ካለኝ በኋላ ነው የማስኬደው።