ያልጋበዝኩት ቡና

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ቁጭ ብለን ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ የጠዋት ፀሐይ ምን ያህል እንደሚናፈቅ ታውቃላችሁ። እሱን እየሞቅን ስለ ነርስነቴ ይጠይቁኛል። ስንት እናት አዋለዱ፣ የት የት ሠሩ። አንዲት ልጅ እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ቆየችና፣ «እትዬ፣ እግዚአብሔርን የሚወድ ሰው መኖር ሊያስጠላው ይችላል?» አለችኝ።

«ሰው ነውና ይደክመዋል» አልኳት። ወዲያው ሌላው ልጅ ሌላ ነገር ጠየቀ፤ ነገሩ በዚያው አለፈ።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያን ጥያቄ አንድ ጊዜ ሰምቼው አውቃለሁ። ያኔም አጭር መልስ ነበር የሰጠሁት።

በ1979 ዓ.ም. ነው። ገና ጀማሪ ነርስ ነኝ፤ የተመደብኩት መንዝ ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ነበር። እንጨት እንደ ልብ የለም፤ የሚነደው ኩበት ነው። ልብሳችን፣ ፀጉራችን፣ የጤና ጣቢያው ፋሻ ሳይቀር ኩበት ኩበት ይሸታል። እኔ በተከራየሁበት ግቢ አንድ ወጣት አስተማሪም ተከራይቶ ነበር። የጎጃም ልጅ ነው። ሳቂታ፣ ክራር የሚመታ፣ ተማሪዎቹ እስከ ቤቱ ተከትለውት የሚመጡ ሰው።

በዚያ ክረምት መንገዱ በጭቃ ተዘጋ። እናቱ ሞተው መርዶው ሲደርሰው፣ 40 ወጥቶ ተዝካሩም አልፎ ነበር። ሽማግሌዎች ሌሊት መጥተው አረዱት። ሦስት ቀን ተለቀሰ። ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔም ተመለስኩ።

እሱ ግን አልተመለሰም። ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ያስተምራል፤ ግን እዚያ የለም። ክራሩ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ቀረ። አንድ ማታ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ፋኖስ ይዞ ቆሟል። እኔ ቡና አፍልቼ ገና ረከቦቱ ላይ ማስቀመጤ ነው። ቀኑን ሙሉ ሕመምተኛ ሳይ ውዬ እግሬ አብጧል።

«ሲስተር፣ ጠዋት መነሣት አቃተኝ። ሌሊት በ9 ሰዓት እነቃና እንቅልፍ ተመልሶ አይመጣም። መኖር አስጠልቶኛል። እንዲህ የሚሆነው እግዚአብሔር ቢተወኝ ነው?» አለኝ።

የመለስኩለትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ምን ነካህ መምህር! ተስፋ መቁረጥ እኮ ኃጢአት ነው። ጸልይ፤ ሁሉም ያልፋል» አልኩት። የበሩን መዝጊያ እንደያዝኩ ነው ይህን ያልኩት። ፋኖሱን ዝቅ አደረገና «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ። እኔ ገብቼ ቡናዬን ጠጣሁ።

ነርስ ነበርኩ እኮ! ሌሊት መንቃቱን፣ ምግብ መተዉን፣ ክሳቱን አየሁ። ዛሬ ድባቴ የምትሉት ነገር በሬ ላይ ቆሞ ነበር። ሙቀቱን እንኳ አልለካሁትም።

የዚያን ሰው ነፍስ ያቆዩት የቤት አከራያችን ናቸው። ፊደል ያልቆጠሩ ባልቴት ነበሩ። በማግስቱ ትምህርት ቤት መቅረቱን አዩ። የገብስ እንጎቻ ጋግረው፣ በሰፌድ ይዘው በሩን በምርኩዛቸው መቱት። «ልጄ፣ ተነሥ ብላ።»

«አልራበኝም እማማ።»

«ራበህ ወይ አላልኩህም። ብላ ነው ያልኩህ።»

አልከፈተም። እሳቸውም አልሄዱም። ደጁ ላይ ካለችው ድንጋይ ቁጭ ብለው የበግ ፀጉር መፍተል ጀመሩ። ያን ዓመት ለልጃቸው ባና ሊያሠሩ ነበር። ከሥራ ስመለስ እዚያው ናቸው። እንዝርቷ ትሾራለች፤ ሰፌዱ በነጠላ ተሸፍኗል። ሊመሽ ሲል በሩ ገርበብ አለ። በማግስቱም መጡ። በሦስተኛውም። ሳምንታት እንዲህ ሄደ። ስለ እግዚአብሔር ሲሰብኩት አልሰማሁም። ስለ በጎቻቸው ያወሩለታል፤ ስለ ሟች ባላቸው። ማታ ማታ የልጅ ልጃቸውን እሱ ክፍል ያሳድሩታል፤ «ብርድ ነው፣ ሁለት ሆናችሁ ተኙ» ብለው። ያ ልጅ ለምን እዚያ እንደሚያድር የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ክራሩን አወረደ።

ዝውውር አግኝቶ ሲሄድ ጭነት መኪናው ድረስ ሸኘሁት። ተሳፍሮ ሳለ ጎንበስ ብሎ፣ «ሲስተር፣ ያን ማታ ቡናሽ ሸቶኝ ነበር። ግባ ብትይኝ እገባ ነበር» አለኝ። በቁጣ አይደለም፤ ፈገግ ብሎ ነው። መኪናው ተነሣ። ይቅርታ ሳልለው ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ስለዚህ ለዚያች ልጅ ጥያቄ መልሱ፣ አዎ፣ ይችላል ነው። ነቢዩ ኤልያስን ያህል ሰው መኖር አስጠልቶታል። በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ያወረደ ሰው፣ ብዙም ሳይቆይ በረሃ ገብቶ ክትክታ ሥር ተቀመጠና «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» አለ። ክትክታን ከደብረ ሲና ቁልቁል ስትወርዱ ታገኙታላችሁ፤ ጥላው እንኳ ለአንድ ሰው በቅጡ አይበቃም። እግዚአብሔር ምን አደረገ? አልገሠጸውም። መልአክ ልኮ ዳሰሰው። «ተነሥተህ ብላ» አለው። እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ራስጌው ነበር። በልቶ ተመልሶ ተኛ። ዝም ብሎ አስተኛው። ከዚያ እንደገና ቀሰቀሰው፤ «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ።» በዚያ ምግብ ኃይል 40 ቀንና 40 ሌሊት እስከ ኮሬብ ተጓዘ። ይህን ምዕራፍ ባነበብኩ ቁጥር የማስበው እኚያን ባልቴት ነው።

የኢዮብ ወዳጆችም መጀመሪያ ደግ ነበሩ። 7 ቀንና 7 ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አንድ ቃል አልተናገሩም። የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

እናንተ ዛሬ የከፋው ሰው ስታዩ በቴሌግራም ጥቅስ ትልካላችሁ። «አይዞን» ትላላችሁ፣ ልብ ትደረድራላችሁ። ጥቅሱን አልጠላም። ግን በር የሚያንኳኳ የለም። መልእክቱ ተነበበ ማለት ሰውየው ተጎበኘ ማለት አይደለም። ደግሞ ቶሎ ተስፋ ትቆርጣላችሁ፤ አንድ ፈተና ወደቃችሁ፣ አንድ ሥራ ቀረባችሁ፣ ዓለም ያበቃ ይመስላችኋል። ይህን ጻፍኩና ተመልሼ ሳየው ትክክል አልመሰለኝም። የእኛ ዘመን ሰው ደብቆ ነው የሚሞተው። እናንተ ቢያንስ ትናገራላችሁ። ያቺ ልጅ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል መናገሯ ከእኔ ትውልድ ስንቱ የሚደፍረው ነው?

ጸልይ ማለት ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። እኔ ራሴ ሳልጸልይ ያደርኩበት ቀን የለም። ግን ጸልይ ብላችሁ በሩን አትዝጉ። እሱ መጸለይ ካቃተው አጠገቡ ተቀምጣችሁ እናንተ ጸልዩ።

እንደ ነርስ አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ከ2 ሳምንት በላይ እንቅልፍ፣ ምግብና ደስታ ካጣ፣ ሕክምና ያስፈልገዋል። ጻድቃኔ ማርያም ፀበል ወስዳችሁት ከሆነ መልካም አደረጋችሁ፤ እኔም ሄጄ ተጠምቄአለሁ። ግን መድኃኒቱን አታስጥሉት። ፀበልና ክኒን አይጣሉም። «አማኑኤል ገባ» ተብሎ የሚታማ ሰው አለ። የሆስፒታሉ ስም ራሱ «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ማለት ነው፤ ይህ እንዴት ያሳፍራል?

ሞት እየተመኘ እንደሆነ ከጠረጠራችሁ ደግሞ ፊት ለፊት ጠይቁት። «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል ወይ?» በሉት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። አዎ ካለ ብቻውን አታሳድሩት፤ ዕለቱን ወደ ጤና ተቋም ይዛችሁት ሂዱ። ይህን የምታነበው አንተ ራስህ ከሆንክ፣ የምታነቢው አንቺ ራስሽ ከሆንሽ፣ ዛሬ ማታ ለአንድ ሰው ንገሩ። እንደ እኔ ያለ ሰው ከገጠማችሁ ሁለተኛ በር አንኳኩ። አንኳኩ ልጆቼ።

በማግስቱ ሰኞ፣ ሲነጋ ለልጅቷ ደወልኩ። «ትናንት የጠየቅሽኝ የራስሽን ነው?» አልኳት። ዝም አለች። «የት ነሽ?» አልኩ። ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ።

ይህን የምጽፈው በእሷ ፈቃድ ነው። ዛሬ ጠዋት አብረን ሐኪም ዘንድ ደርሰን መጣን። አሁን ጓዳ አጠገብ ካለው አልጋ ላይ ተኝታለች፤ እህቷ ራስጌዋ አለች። ሽሮው ተጥዷል። ቡናውን ገና አልቆላሁትም፤ ስትነሣ ብቆላው ይሻላል፣ ጭሱ ይሸታት።