ስልኬ ውስጥ የነበረው ፎቶግራፍ

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በሽያጭ ሥራ የምተዳደር የ24 ዓመት ሴት ነኝ። ባለፈው ወር የተሰነጠቀ የስልኬን ስክሪን ለማስቀየር ለአንድ ጥገና ቤት ሰጥቼ በማግሥቱ ተቀበልሁ። ከሳምንት በኋላ ለማንም ያልላክሁት የግል ፎቶግራፌ ከማላውቀው የቴሌግራም አካውንት ደረሰኝ፤ ገንዘብ ካልከፈልሁ ለቤተሰቤ እንደሚልከው ይዝትብኛል። ጓደኞቼ ግን «ማን አስቀምጪ አለሽ?» ይሉኛል። እንዲህ ላለው ነገር መብት አለኝን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አለዎት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ያረጋገጠው የግል ሕይወት መከበር በቤትና በደብዳቤ ሳይወሰን፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረገውንም ግንኙነት ይጨምራል። በር ሊጠግን የገባ አናጢ ሣጥን ከፍቶ እንዲበረብር እንዳልተፈቀደለት ሁሉ፣ ስክሪን እንዲቀየር ስልክ የሰጠ ሰውም ፎቶግራፉ እንዲታይ አልፈቀደም። ስለዚህ የጓደኞችዎ ወቀሳ ጥፋቱን በተበደለው ላይ የሚጭን በመሆኑ አይቀበሉት።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሌላውን ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት (ስልክንም ይጨምራል) ከፍቶ መግባትን በአንቀጽ 3፣ በኮምፒውተር ሥርዓት አማካይነት ምስል ወይም ጽሑፍ በማሠራጨት ሰውን ወይም ቤተሰቡን ማስፈራራትን ደግሞ በአንቀጽ 13 በወንጀልነት ይደነግጋል። በቴሌግራም ላኪው መልእክቱን ከእርስዎም ስልክ ላይ ሊያጠፋው ስለሚችል፣ ዛቻውን፣ የአካውንቱን መለያ ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን በሌላ ስልክ አሁኑኑ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ። ገንዘብ አይላኩ፤ አንድ ጊዜ የተከፈለው ሁለተኛ መጠየቁ የተለመደ ነው። ከዚያም ለፖሊስ ያመልክቱ፤ ለሴት መርማሪ መናገር የሚቀልልዎት ከሆነም ይህንኑ ይጠይቁ።

ቁጣዎ ይገባናል፤ ሆኖም የጥገና ቤቱን ስም በፌስቡክ እንዳይለጥፉ አጥብቀን እንለምንዎታለን። ፎቶግራፉን ማን እንደወሰደ ገና አልተጣራም፤ የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብቱን ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ጠብቆለታል፤ በጥድፊያ የተለጠፈ ስምም ተጠርጣሪው ማስረጃ እንዲያጠፋ ጊዜ ይሰጠዋል። ጥርጣሬዎን ከነጥገናው ደረሰኝ ለመርማሪው ይንገሩ።

ዛቻው ጉልበት ያገኘው ቤተሰብዎ ስላልሰማ ነውና፣ ከፖሊስ በፊት ለእናትዎ ወይም ለሚያምኗት እህትዎ ዛሬ ማታ ቢነግሩ፣ ነገ ጣቢያ ሲሄዱ አብራዎት የምትቆም ሰው ይኖርዎታል።