ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የካቶሊክ ነበር ወይ?

ወንድማችን፣ «አባቴ የተማሩበት ተፈሪ መኮንን የካቶሊክ ትምህርት ቤት ነበር ወይ?» ላሉት መልሴ አልነበረም ነው፤ ግርታው ግን ያለ ምክንያት አልመጣም። ትምህርት ቤቱን በ1925 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት በወቅቱ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ሲሆኑ፣ በኋላም የመንግሥት ሆኖ ቆይቷል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ መምህር እጅግ በጠፋበት ጊዜ፣ ማለትም በ1945 እ.ኤ.አ.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከካናዳ የመጡ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የጀስዊት ማኅበር (የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የሃይማኖት ማኅበር ነው) አባላትን አስተዳደሩን እንዲይዙ አደረጉ።

እነዚህ መምህራን መነኮሳት ቢሆኑም ክፍል የሚገቡት ቀሚሳቸውን ትተው እንደ ማንኛውም ሲቪል መምህር ለብሰው ነበር፤ ሃይማኖታቸውንም እንዳይሰብኩ ተስማምተው ነው የመጡት። በእኔ አስተያየት ይህ ጥንቃቄ ሥሩ ሩቅ ነው፤ ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን ተቀብለው አገሩ በደም ከታመሰ በኋላ፣ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስ ጀስዊቶችን ማባረራቸው በቤተ ክህነትም በቤተ መንግሥትም አልተረሳም ነበር። (ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ በንጉሥ ጥሪ መመለሳቸው ራሱ የሚገርም ነው።)

ከእነዚህ ጀስዊቶች አንዱ የሆኑት ሉሲየን ማት ትምህርት ቤቱን ከመሩ በኋላ በ1950 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ኃላፊ ሆነዋል። በከተማው በእርግጥ የካቶሊክ የሆነ ትምህርት ቤት ከፈለጉ፣ የላሳል ወንድሞች የተባለው የካቶሊክ መምህራን ማኅበር የሚያስተዳድረው ቅዱስ ዮሴፍ አለ።