ሞገድ ሲጠፋ አስፋልት ላይ፦ የሰርፍ ስኬት ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ሰርፍ ስኬት ናቸው። ሰርፊንግ በቦርድ ላይ ቆሞ የባሕር ሞገድ መንዳት ነው፤ ሰርፍ ስኬት ደግሞ የፊተኛው ትራኩ (ጎማዎቹን ከቦርዱ ጋር የሚያያይዘው ብረት) እንደልብ ግራ ቀኝ የሚታጠፍ ስኬትቦርድ ማለት ነው፤ ከተነሳ በኋላ እግር መሬት ሳይነካ ሰውነትን በማዞር ብቻ ይሄዳል። አራቱን ልመልስ።

"የምኖረው እስራኤል፣ አሽዶድ ነው። በሙቀቱ ወራት ሞገዱ ትንሽ ነው። ያኔ ሰርፍ ስኬት ብነዳ ሰርፊንጌ ይሻሻላል?"

አዎ፣ ይሻሻላል። ነገሩ የተፈጠረውም በዚሁ ችግር ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ካሊፎርኒያ፣ ቬኒስ ቢች ላይ፣ ግሬግ ፎልክና ኒል ካርቨር ሞገድ ሲጠፋ በሰፈሩ ቁልቁለት ስኬት እየነዱ የሰርፍን ስሜት ቢያጡት ጊዜ አዲስ ትራክ ሠሩ። የሚያሻሽልልሽ ግን መታጠፉን ብቻ ነው። ቀዘፋን፣ ቦርዱ ላይ ከተኙበት ብድግ ማለትን፣ ሞገድ መምረጥን አስፋልት አያስተምርም። ስለዚህ በብርዱ ወራት ጥሩው ሞገድ ሲመጣ ክንድሽ እንዳይከዳሽ ጎን ለጎን ዋኚ። ብድግ ማለቱን ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ልመጂው።

"ሎስ አንጀለስ ነኝ። አስፋልት ላይ እበራለሁ፣ ውሃ ላይ ግን ቦርዱ አልታጠፍ ይለኛል። ችግሬ ምንድን ነው?"

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ፍጥነት የምታገኘው ዳሌህን ቶሎ ቶሎ በማወዛወዝ ወይም በፊት እግርህ ትራኩን በመጠምዘዝ ከሆነ፣ ጎማው ዝም ብሎ ይሄድልሃል። ውሃ ላይ ግን ይህ አይሠራም። ሰርፍ ቦርድ የሚታጠፈው ጠርዙ ውሃ ውስጥ ሲገባና ክብደትህ ከፊኖቹ (ከቦርዱ ሥር ኋላ ካሉት ክንፎች) በላይ ባለው በኋላ እግርህ ላይ ሲያርፍ ነው። አስፋልት ላይም የኋላ እግርህ በትክክል ከኋላው ትራክ በላይ ይሁን።

እንዲህ ሞክር። መኪና የማይገባበት፣ ትንሽ ዘቅዘቅ ያለ ለስላሳ ቦታ ፈልግና ሁለት የውሃ ጠርሙስ አቁም። አንዱን ታች፣ ሌላውን ራቅ አድርገህ ከፍ ካለው በኩል። ታችኛው የሞገዱ ሥር፣ ላይኛው የሞገዱ ጫፍ ነው። ወደ ታችኛው ስትወርድ ጉልበትህን እጠፍ፤ ከወገብህ አትጎንበስ። አጠገቡ ስትደርስ ጠርሙሱን ማየት ተውና ላይኛውን እይ። ዓይንህ ሲሄድ ራስህ ይዞራል፣ ትከሻህ ይከተላል፣ ከዚያ ዳሌህ፣ ቦርዱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ወደ ላይ ስትወጣ ቀስ እያልክ ተዘርጋ፣ ጫፉ ጋ እንደገና እጠፍና የፊት እጅህን ወደ መጣህበት ጠቁም። ከትባክ፣ ማለትም ወደ መጡበት መልሶ መታጠፍ፣ ይሄ ነው።

ጓደኛህ ስልኩን ዝቅ አድርጎ ይቅረጽህ። ቪዲዮው ላይ መጀመሪያ የኋላ እጅህን ፈልግ፤ ከጀርባህ ተንጠልጥሎ ከቀረ ትከሻህ አልዞረም ማለት ነው፣ ትከሻህ ካልዞረ ደግሞ ዳሌህን በግድ ብታዞረው ቦርዱ ይንሸራተታል እንጂ አይታጠፍም። ደግሞ ቀስ በል! ፍጥነት ስህተትን ይደብቃል።

"የካርቨር ሲ7 ልግዛ ወይስ ሲኤክስ?"

ሁለቱም እነ ኒል ካርቨር የመሠረቱት የካርቨር ኩባንያ የትራክ ዓይነቶች ናቸው። ለሰርፍ ልምምድ ከሆነ ሲ7። ፊት ላይ ስፕሪንግ ያለው ተወዛዋዥ ክንድ ስላለው ሰፊ፣ ረዥም መታጠፍ ይሰጥሃል። ሲኤክስ ክንድ የለውም፣ ቀለል ይላል፣ ለስኬትፓርክም (ለስኬት መንጃ ተብሎ ለተሠራ ሜዳ) ይመቻል። ከትራኩ እኩል ግን በሁለቱ ትራኮች መካከል ያለውን ርቀት እይ። ሰርፍ ቦርድ ላይ እግርህን ከምትከፍተው በጣም ካነሰ፣ ውሃ ላይ የማይጠቅምህን አቋቋም ትለምዳለህ።

"አዲስ አበባ ነን። የ12 ዓመት ልጄ ሰርፍ ስኬት ግዢልኝ ይለኛል። ባሕር በሌለበት ምን ያደርግለታል?"

ይግዙለት። ስኬትቦርድ ራሱ ከካሊፎርኒያ ሰርፈሮች የመጣ ነው፤ ዛሬ ከሚነዱት ብዙዎቹ ግን ባሕር አጠገብ አይኖሩም። አዲስ አበባም ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስኬትፓርክ አላት፤ ልጅዎ እዚያ እኩዮቹን ያገኛል። ሚዛን፣ የጉልበት ጥንካሬና መውደቅን ማወቅ ይማርበታል፤ አንድ ቀን ባሕር ቢያገኝ ደግሞ መታጠፉን ከሌሎች ቀድሞ ይይዛል። ከቦርዱ ጋር ሄልሜትና የእጅ አንጓ መከላከያ አብረው ይግዙ፤ ሲወድቅ ቀድሞ መሬት የሚነካው እጁ ነው። ጠጠር ያለበት መንገድ ላይ እንዳይነዳ። ቁልቁለትም ይከልክሉት፦ የዚህ ስኬት ፊት ልል ስለሆነ ፍጥነት ሲጨምር ይርገፈገፋል፣ ፍሬንም የለውም።