ልጄ ከበሮ መቺ ነበር፤ አሁን ቤቲንግ ቤት ነው የሚውለው

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የክርስትና ስሜ ወለተ ሚካኤል ነው። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የ19 ዓመት ልጅ አለኝ። ድሮ ከሰንበት ትምህርት ቤት ቀርቶ አያውቅም፤ ከበሮ ይመታ ነበር። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሳያልፍ ከቀረ ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆነብኝ። ቀን ይተኛል፣ ከሰዓት ይወጣል፣ ሌሊት ይገባል። ጫት ይቅማል። ቤቲንግ የሚሉት የኳስ ውርርድ ውስጥም ገብቷል። ባለፈው ወር የወርቅ ጆሮ ጌጤን ከሣጥን አውጥቶ ሸጠብኝ። እንዳላወቀ ሆኜ ዝም አልኩ። አባቱ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፣ ጅቡቲ መስመር። ለእንቅልፉ ብሎ ትንሽ ይቅማል እንጂ ሌላ ሱስ የለበትም። ሲመጣ ልጁን ይገርፈዋል፣ ከዚያ ተመልሶ ይሄዳል። ጎረቤቶቼ «መተት ነው፣ አዋቂ ጋ ውሰጂው» ይሉኛል። በግድ አስይዤ ጸበል ልውሰደው? ወይስ ከቤት ላስወጣው? ከሱ በታች የ13 ዓመት ወንድም አለው። እሱም እንዳይከተለው ፈርቻለሁ።

መልስ፦ እህቴ ወለተ ሚካኤል፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ከቀላሉ ልጀምር። አዋቂ ጋ አይሂዱ። ቤተ ክርስቲያን ሰይጣን የለም አትልም። ግን ጠንቋይ ቤት የገባ ሰው ከአንድ ጉድጓድ ወጥቶ ሌላ ጉድጓድ ነው የገባው። ደግሞም «መተት ነው» የሚለው ወሬ ልጁን አይጠቅመውም። «ተደርጎብኝ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ» እንዲል መንገድ ይከፍትለታል። እኛንም ከጥያቄ ያድነናል። ሐዋርያው ያዕቆብ ግን እያንዳንዱ ሰው በራሱ ምኞት ሲሳብና ሲታለል ይፈተናል ነው ያለው (ያዕ 1፥14)። ስለዚህ ልጅዎ ወዴት ተሳበ፣ በምን ተታለለ፣ እሱን እንይ።

በአንድ መስመር ያለፉት ነገር አለ፤ ፈተናው። እኔ እዚያ ላይ ነው የቆምኩት። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ ተፈታኝ 3 ያህሉ ብቻ ነበር። የ2015ቱም ከዚያ አልተሻለም። በየዓመቱ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ልጅ አንድ ማለዳ ስልኩ ላይ ቁጥር አይቶ ቤቱ ተቀመጠ ማለት ነው። 12 ዓመት «ተማር፣ ሰው ትሆናለህ» ሲባል የኖረ ልጅ ነው። ታዲያ ሳያልፍ ሲቀር ምን ሆነ ሊባል ነው? ሰፈር ሲወጣ «ስንት አመጣህ?» ይሉታል። ዘመድ ቤት ሲሄድ ያው ነው። ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥም ያው ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ እንዲያውም እዚያ ይብሳል፣ ሁሉም ያውቀዋላ።

ቤቲንግ ቤት ግን ውጤት የሚጠይቅ የለም። የታክሲ ብር የተረፈው ይገባል፣ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ ከሌላው እኩል ስለ እንግሊዝ ኳስ ይከራከራል። ልጁ መጀመሪያ የፈለገው ገንዘብ አይመስለኝም። የማያፍርበት ቦታ ነው የፈለገው።

ገንዘቡ ከዚያ ይከተላል። አንድ ወጣት አንዴ ቲኬቱን አሳየኝ። ስምንት ጨዋታ ደርድሯል፤ ብር የሚያገኘው ስምንቱም ከገቡለት ብቻ ነው። ሰባቱ ገብተውለታል፣ ስምንተኛው አቃጠለበት። «መምህር፣ በአንድ ጨዋታ እኮ ነው ያመለጠኝ!» አለኝ፣ ወረቀቱን በጣቱ እየመታ። ተበላሁ አላለም፤ ለጥቂት አመለጠኝ ነው ያለው። በማግስቱ ተመልሶ ሄደ። እኔ የሒሳብ ሰው አይደለሁም፣ ግን ይህቺ ሩቅ አይደለችም። እያንዳንዱ ጨዋታ የመግባት ዕድሉ እኩሌታ ቢሆን እንኳ ስምንቱም አብረው የሚገቡት ከ256 አንዴ ነው። ቤቱ ይህን አስልቶ ነው የከፈተው። ልጁ የሚያየው ከቲኬቱ ግርጌ የተጻፈውን ትልቁን ብር ብቻ ነው።

ኃጢአት ነው ወይ ብለው አልጠየቁኝም፣ ግን ልመልስ። አዎ፣ ነው። የሌላው መበላት የኔ ማግኛ የሚሆንበት ነገር ነው። ወዝ ሳይወጣ መክበርን ያስተምራል፣ መጨረሻው የእናት ሣጥን ነው። ገንዘብን መውደድ የክፋት ሁሉ ሥር ነው የተባለው (1ጢሞ 6፥10) ለሀብታም ብቻ አይደለም። ኪሱ ባዶ የሆነውንም ይይዛል።

ስለ ጫቱ የምለው ቅር ሊያሰኝዎት ይችላል። «ለእንቅልፉ ብሎ ትንሽ ይቅማል» ብለው ጽፈዋል። የጅቡቲን መንገድ ክብደት አልክድም፣ አባትየው የቤቱን እንጀራ ተሸክሞ ነው የሚነዳው። ግን ልጁ ጫትን መጀመሪያ ያየው ጓደኛው ቤት ነው ወይስ አባቱ መኪና ውስጥ? አባቱ ሲቅም ሥራ ነው፣ እሱ ሲቅም ዱርዬነት ነው። ልጆች ይህን ልዩነት አይገባቸውም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አይገባኝም። በዚያ ላይ ከበርጫው በኋላ ጨብሲ ይመጣል፣ ምርቃናውን ለመስበር መጠጥ። ሕጉ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ አይሸጥም ይላል። በየሰፈሩ መታወቂያ የሚጠይቅ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ግርፊያውስ? ቅዱስ ጳውሎስ አባቶችን ሲመክር ልጆቻችሁን አታስቈጡአቸው ብሎ ነው፣ በጌታ ምክርና ተግሣጽ አሳድጓቸው ብሎ (ኤፌ 6፥4)። ተግሣጽ አብሮ መዋልን ይጠይቃል። በ15 ቀን አንዴ መጥቶ ገርፎ የሚሄድ አባት ንዴቱን ያራግፋል እንጂ አልገሠጸም።

እርስዎ ደግሞ በተቃራኒው ዝም ብለዋል። ካህኑ ዔሊ ትዝ ይለኛል። ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ ሕዝቡ የሠዋውን ሥጋ በሜንጦ ከድስቱ እያወጡ ይወስዱ ነበር፣ አልሰጥ ያለውንም በግድ ይቀሙ ነበር። ዔሊ አልተናገረም አይባልም፣ ተናግሯል። ግን የተናገረው እጅግ ካረጀ በኋላ፣ ወሬውን ከሕዝቡ ሰምቶ ነው። አንድ መቅደስ ውስጥ እያገለገሉ የልጆቹን ነገር ከሰው ነው የሰማው! ተናግሮም አልከለከላቸውም። እግዚአብሔር የወቀሰው በዚህ ነው፤ አውቆ አልከለከላቸውም ብሎ (1ሳሙ 3፥13)። የጆሮ ጌጡን ነገር እንደሚያውቁ ልጅዎ ማወቅ አለበት። ሳይጮኹ፣ ሰው በሌለበት፣ በዛሬው ቀን ይንገሩት። «ሸጠኸዋል። አውቃለሁ። ሠርተህ ትመልሳለህ» ይበሉት። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል፤ ንስሐ መመለስም አለበት። እዳውን እርስዎ ከከፈሉለት ግን ነገ ቀለበትዎ ይከተላል።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ልምጣ። እስካሁን እርስዎንና ባለቤትዎን ብቻ ወቀስኩ።

የጥንት አባቶች ስለ ሐዋርያው ዮሐንስ ያቆዩልን ታሪክ አለ። ከፍጥሞ ደሴት ወደ ኤፌሶን ከተመለሰ በኋላ አቅራቢያ ወዳለች ከተማ ሄደና አንድ ወጣት አየ። ለከተማው ኤጲስ ቆጶስ በምእመናኑ ፊት «ይህን ልጅ አደራ» አለው። ኤጲስ ቆጶሱ ልጁን ቤቱ ወሰደው፣ አሳደገው፣ አጠመቀው። ከተጠመቀ በኋላ ግን ጥበቃውን አላላ። የጥምቀትን ማኅተም ካገኘ ይበቃዋል ብሎ። ሥራ ፈት እኩዮች አገኙት። መጀመሪያ ግብዣ ወሰዱት። ቀጥሎ ሌሊት መንገደኛ ሊገፉ ሲወጡ አስከተሉት። በመጨረሻ ሽፍታ ሆኖ አለቃቸው ሆነ።

ዮሐንስ ሌላ ጊዜ መጣና «አደራዬን መልስልኝ» አለ። ኤጲስ ቆጶሱ ገንዘብ መሰለው። «ልጁን ነው የምልህ» ሲለው ኤጲስ ቆጶሱ አለቀሰ። «ሞቷል» አለ። እንዴት ሞተ? «ለእግዚአብሔር ሞተ»። ዮሐንስ ልብሱን ቀዶ ፈረስ አምጡልኝ አለ። በዚያ ዕድሜው ጋልቦ ተራራ ሄደ። ጠባቂዎቹ ሲይዙት አልሸሸም፣ ወደ አለቃችሁ ውሰዱኝ አለ። ልጁ መሣሪያውን ታጥቆ ቆሟል። ዮሐንስ መሆኑን ሲያውቅ አፍሮ ሮጠ። ሐዋርያው ከኋላው «ልጄ፣ ለምን ትሸሸኛለህ? አባትህን፣ ሽማግሌውን» እያለ ተከተለው። ልጁ ቆመ። መሣሪያውን ጣለ፣ እያለቀሰ አቀፈው፤ ቀኝ እጁን ግን ደበቀ። በዚያች እጅ ነበር ያን ሁሉ የሠራው። ዮሐንስ ደግሞ የሳመው ያቺን እጅ ነው።

ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንዳስተማርኩት አላስታውስም። ግን ሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊ በነበርኩ ጊዜ እኛ ጋ ደንብ ነበረን። ሦስት እሑድ በተከታታይ የቀረ ስሙ ይሰረዛል። መዝገቡን የምይዘው እኔ ነበርኩ፣ በቀይ እስክሪብቶ። ከዓመታት በኋላ አንድ ሚኒባስ ውስጥ ሒሳብ ስከፍል ረዳቱ እጄን መለሰው። «ከመምህር አልቀበልም» አለ። ፊቱን ሳየው አወቅኩት፣ ከሰረዝኳቸው አንዱ ነው። ጉንጩ በጫት ተወጥሯል። ስወርድ «መምህር፣ ያኔ አባቴ ሞቶ ነበር እኮ የቀረሁት» አለኝና በሩን ዘጋው። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነበር።

ስለዚህ የልጅዎ ከበሮ ዝም ሲል ማን ቤትዎ መጣ? የንስሐ አባትዎስ ለመጨረሻ ጊዜ ቤትዎን የረገጡት መቼ ነው? እኛ ካልመጣን እርስዎ ይጥሩን፣ ይቆጡንም። ይህ መብትዎ ነው። የንስሐ አባትዎ ልጁን ብቻውን ያናግሩት፣ ፈተናውን ሳያነሱ። አብሮት ከበሮ ይመታ ከነበረ አንድ ጓደኛው ጋር ቢመጡ ደግሞ የተሻለ ነው።

ጸበሉን በግድ አያድርጉት። ጌታ 38 ዓመት በአልጋ ላይ የኖረውን ሰው እንኳ «ልትድን ትወዳለህን?» ብሎ ጠይቆታል (ዮሐ 5፥6)። አስረው የወሰዱት ልጅ ሲፈታ ከጸበሉም ከእርስዎም ይሸሻል። እርስዎ ግን ይሂዱ፣ ጸበሉን ቤት ያስቀምጡ፣ አንድ ቀን ራሱ ይጠይቅዎታል። ሐኪምም አይናቁ። እንቅልፉ የተገለበጠ፣ መተው እየፈለገ ያቃተው ከሆነ ሱሱ አእምሮውን ይዞታል። የአእምሮ ሐኪም ቢያየው እምነት ማጉደል አይደለም። በአቡነ ጳውሎስ ዘመን የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል ቤተ ክርስቲያናችን አስተምራለች። ይህም ከዚያ አይለይም።

ከቤት አያስወጡት። የጠፋው ልጅ አባት ልጁን አላባረረውም። ሩቅ አገር ሆኖ ሲራብም ብር አልላከለትም። በሩን ግን እያየ ነበር፤ ገና ሩቅ ሳለ አየው ይላልና። አልጋውና እንጀራው ይኑር። ብር በእጁ አይስጡት፣ ሣጥኑን ይቆልፉ። ለሥራም ለትምህርትም ቴክኒክና ሙያ አለ። «የወደቀ ነው እዚያ የሚሄደው» የሚለውን የሰፈር ወሬ አይስሙ። ጌታችንን የናዝሬት ሰዎች የሚያውቁት ጸራቢ ብለው ነው።

ስለ ትንሹ ልጅ ፈርቻለሁ ብለዋል። ክፉ ባልንጀርነት መልካሙን አመል ያጠፋል፣ እውነት ነው። ግን የታላቁ ልጅዎ ጓደኞች እናቶች ዛሬ ምን እንደሚሉ ያውቃሉ? «የወለተ ሚካኤል ልጅ ነው የኔን ያበላሸው» ነው የሚሉት። ጓደኛ ከመከልከል ጓደኞቹን ቤት ማስገባት ይሻላል፤ ሽሮም ቢሆን አብረው ይብሉ፣ እርስዎም ስማቸውን ይወቁ። ስልኩን ከሚነጥቁት አብረውት ይዩ፣ የኳሱንም ጨዋታ ቢሆን። ፈተና የወደቀ ቀን ምን እንደሚሉት ደግሞ ከአሁኑ ያስቡበት። በታላቁ ላይ የሆነውን ቁጭ ብሎ እያየ ነው። ታላቁን በስድብ ከተቀበላችሁት እሱም ሲወድቅ የት እንደሚሄድ አሁኑኑ ይወስናል።

አባትየው ሲመጣ ይህን ደብዳቤ ያንብቡለት፤ የጫቱንም ክፍል ሳይዘሉ።

በመጨረሻ፣ ስለ ጫቱ፣ ስለ ጆሮ ጌጡ፣ ስለ ሁሉም ጽፈውልኛል። የልጅዎን የክርስትና ስም ግን አልጻፉልኝም። እሑድ በቅዳሴ በስሙ እንድናስበው ይላኩልኝ።