በባቲ ውረዱ፣ በአምባሰል ውጡ፦ ከደሴ ወደ ባሕር በሞተር ለሚሄዱ ጥያቄና መልስ

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ውስጥ ሞተር እጠግናለሁ። በራሴ 150 ሲሲ ሞተር ሁለት ጊዜ ጅቡቲ ወርጄ ተመልሻለሁ። ጥቅምት ሲጠባ የሁሉም ሰው ጥያቄ መንገድ ይሆናል፤ ሰሞኑን የጠየቃችሁኝን ሰብስቤ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ሁለት ሞተር ነን፣ ከደሴ እንነሳለን። በኮምቦልቻና በባቲ እንውረድ ወይስ በወልዲያ ዞረን በጭፍራ? ተራራ ማየት እንፈልጋለን።

ሁለቱም መንገዶች አፋር ውስጥ ሚሌ ላይ ይገናኛሉ። እኔን ካላችሁ በባቲ ውረዱ፣ ስትመለሱ በጭፍራ ወልዲያ ወጥታችሁ በአምባሰል ደሴ ግቡ።

የባቲው መንገድ ደረጃ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፣ ባቲ 1,500 ገደማ፣ ሚሌ ስትደርሱ 500 ገደማ ብቻ ይቀራል። እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ከተማ አለ፣ ጎሚስታ አለ፣ ሻይ አለ። አንድ ነገር ከላላ ቀጣዩ ደረጃ ላይ ታጠብቀዋለህ። በወልዲያ ከሄዳችሁ ግን ወደ ቆላው መውረድ ሳትጀምሩ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገትና ቁልቁለት ትፈጃላችሁ። ያውም ዕቃችሁ ገና ሳይደላደል።

ሌላው የዓይን ነገር ነው። ስትወርድ ተራራው ከኋላህ ነው። መስታወት ካላየህ አታየውም። ከሚሌ ጎህ ሲቀድ ተነስታችሁ ወደ ወልዲያ ስትወጡ ግን ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ትሆንና የወሎ ተራራ ከፊት ለፊታችሁ በርቶ ይቆማል። ከሰዓት ከሄዳችሁበት ፀሐይ ፊታችሁን ትመታለች፣ ተራራውም ጥላ ብቻ ይሆናል። ከወልዲያ በኋላ መርሳ ሞቅ ትላለች። ውጫሌን አልፎ አምባሰል ሲጀምር ደግሞ ያ የአፋር ሙቀት ከሰውነታችሁ ላይ ሲወርድ ይሰማችኋል። ሐይቅ ላይ ቆም ብላችሁ ውሃውን አይታችሁ ደሴ ትገባላችሁ። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱን፣ ባቲንና አምባሰልን፣ በጎማ ተጫወታችኋቸው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ላሊበላን በዚያው ብንነካስ?

ሌላ ጉዞ ነው። ከወልዲያ ወደ ምዕራብ ጋሸና ድረስ መውጣት፣ ከዚያ 64 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን መታጠፍ ነው። ባሕሩ በምሥራቅ ነው ወንድሜ። ሁለቱን አንድ ሳምንት ውስጥ አትጠቅጥቃቸው።

ጥያቄ፦ ቁልቁለት ላይ ፍሬኔ እየሰመጠ ያስቸግረኛል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ሐረጎን ሳስብ ልቤ ይርዳል።

አብሽር፣ እኔንም ገጥሞኛል። የመጀመሪያ ጉዞዬ ላይ ከባቲ ወዲያ ያለውን ቁልቁለት የፊት ፍሬን ይዤ ወረድኩ። ጭነት አለኝ፣ አራተኛ ማርሽ ላይ ነኝ፣ ጣቴን ከፍሬኑ አላነሳሁም። አንድ ኩርባ ላይ ስጨብጠው እጀታው እንደ ስፖንጅ ሟሽሾ መሪው ጋ ደረሰ። ምንም የለም። በኋላ ፍሬንና ማርሽ በመቀነስ ጠርዙ ላይ ያለ የጠጠር ክምር ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። ዲስኩ ሰማያዊ ሆኗል። ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። አንድ የፍየል እረኛ ልጅ መጥቶ አየኝ፣ ሞተሯን አየ፣ ከዚያ የውሃ ኮዳውን አቀበለኝ። ዲስኩ ላይ ላፈስ ስል ደግነቱ ጥሙ ቀደመኝና ጠጣሁት። የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ብታፈስ ይጣመማል።

ምክንያቱ ተራ ነው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ሲያረጅ ውስጡ ውሃ ይጠራቀማል፣ ሲግል ያ ውሃ ይፈላና እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፣ ዘይት አይታመቅም። ስለዚህ አንተ ትጨብጣለህ፣ ፍሬኑ ጋ የሚደርስ ግፊት ግን የለም። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ደህና ይመስላል፤ እንዳትሸወድ።

ከመነሳትህ በፊት የፍሬን ዘይቱን አስቀይር፣ ሸራውንም አሳይ። ሐረጎ ላይ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ውረድ፣ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ። ሞተሩ ይጩህ፣ ግዴለም። ፍሬኑን ጫን አድርገህ ልቀቅ፣ ጫን አድርገህ ልቀቅ። ሁለቱንም ተጠቀም። ሞተር አጥፍቶ ነዳጅ ለመቆጠብ በኒውትራል መንከባለል የሚባለውን ነገር ደግሞ ጨርሶ አልስማ። ጉም ካለ ቆመህ ሻይ ጠጣ። ተሳቢ የያዘ መኪና ከኋላህ ከመጣ አሳልፈው፤ የሱም ፍሬን እንዳንተው ነው።

ጥያቄ፦ እኔ በወጣትነቴ ከኮምቦልቻ አሰብ ጭነት አመላልስ ነበር። ልጄ በሞተር ያንን መንገድ ልሂድ ይለኛል። ይቻላል?

ጋሼ፣ መንገዱን ከኔ በላይ ያውቁታል። ሚሌን፣ ሎጊያንና ሰመራን አልፎ ዲቼቶ ድረስ ዛሬም ያው የእርስዎ መንገድ ነው። ከዚያ የአሰቡ በኤሊዳር አድርጎ ወደ ኤርትራ ድንበሯ ቡሬ ይሄዳል። ቡሬ መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ተከፍቶ ነበር፤ በወራት ውስጥ ተመልሶ ተዘጋ። ስለዚህ ልጅዎ ባሕር ማየት ከፈለገ በጅቡቲ በኩል ነው። እርስዎ ግን የት የት ይታደር እንደነበር ይንገሩት፣ ይጠቅመዋል።

ጥያቄ፦ ድንበሩን በጋላፊ ወይስ በበልሆ?

ጋላፊ የከባድ መኪናው በር ነው። ሰልፉ ረጅም ነው፣ አስፋልቱም በጭነት የተጎዳ ቦታ አለው፣ የቦቴው ነፋስ ሞተርህን ይገፋታል። ጅቡቲ ገብተህ ከዲኪል ከተማ ወዲያ ግራንድ ባራ የሚባል ጠረጴዛ የመሰለ ሜዳ አለ፤ እዚያ የጎን ንፋስ ስለሚመጣ ዕቃህን ከፍ አድርገህ አትጫን። የበልሆው መንገድ ደግሞ በጎዳ ተራሮች በኩል ታጁራ ይወርዳል፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ለተራራ ወዳጅ እሱ ነው። ግን ከመነሳትህ በፊት በዚያ በር ለግል ሞተር ማህተም ይመቱ እንደሆነ ጉምሩክን ጠይቅ። በረሃ መሃል ደርሶ መመለስ አያምርም። እኔ በጋላፊ ገብቼ ከጅቡቲ ከተማ በባሕረ ሰላጤው ዙሪያ ታጁራ ሄድኩ። ከመንገዱ ገባ ብሎ አሳል ሐይቅ አለ፤ ከባሕር ጠለል 155 ሜትር በታች፣ የአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ። ከጦሳ ተራራ ሥር ተነስቶ እዚያ መድረስ ራሱ ደስ ይላል።

ጥያቄ፦ ሞተሬ ደሴ ላይ ጥቁር ጭስ ትተፋለች። ካርቡሬተሩን ላስተካክል?

ደሴ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ነዳጅ ይበዛበታል፣ ጉልበትም ያንሰዋል። ደሴ ላይ ነዳጁን አስቀንሰህ ከወረድክ ግን ሚሌ ላይ አየሩ ወፍሮ ነዳጁ ያንሳል። በዚያ ሙቀት ላይ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተን እስከመብላት ይደርሳል። የፋብሪካውን ልክ ይዘህ ውረድ። አየር ማጣሪያውን ግን አጽዳ፤ ግማሹ ጭስ ከሱ ነው የሚመጣው። ሚሌ ስትደርስ ሞተርህ ወጣት ትሆናለች፣ ታያታለህ። የጋለ ጎማም አታስተንፍስ፤ ጠዋት ደሴ ላይ በቀዝቃዛው ለክተህ ተወው።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ኋላ ተቀምጬ ነው የምሄደው። ባቲን ሰኞ ማየት ፈልጌ ነበር።

እህቴ፣ ትክክለኛውን ቀን መርጠሻል። ሰኞ አፋሩም አማራውም ኦሮሞውም ባቲ ይገናኛል። ግመሉ፣ ፍየሉ፣ ጨው የያዘው፣ ጥራጥሬ የያዘው ሁሉ መንገዱን ይሞላዋል። ባለቤትሽ ጡሩንባ እንዳይነፋ ንገሪው። ግመል ጡሩንባ ሲሰማ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ አንቺ ነው የሚዞረው፣ በኔ ደርሷል። ከኮምቦልቻ በጠዋት ተነሱ፣ ገበያውን አይታችሁ እዚያው እደሩ። ቀትር ላይ ወደ ሚሌ አትውረዱ። በ1,000 ሜትር ቁልቁለት 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ሙቀት ይጨመራል፤ የደሴን ጃኬት ባቲ ላይ ታወልቂያለሽ።

ጥያቄ፦ መቼ ይሻላል?

ከኅዳር እስከ ጥር። በልግ ሲገባ ወሎ ይዘንባል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ላይ ጭቃ፣ ታች እሳት ነው።

ጥያቄ፦ ሰላሙስ?

በተነሳህበት ዕለት ጠዋት በየከተማው ለምታውቀው ሰው ደውል። የትናንት ወሬ አይሠራም። ሞተር እንዳይንቀሳቀስ የሚከለከልበት ጊዜም አለ። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ አትገኝ። ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድና ፓስፖርት በደረትህ ኪስ እንጂ ከሞተሯ ጋር አትሰር።

ጥያቄ፦ ነዳጅና ገንዘብ?

ማደያ ባየህ ቁጥር ሙላ፣ ግማሽ ቢቀርህም። ውሃ ለአንድ ሰው ቢያንስ 5 ሊትር። የጅቡቲ ፍራንክ አንድ ዶላር 177 ከምናምን ነው፣ ለዘመናት አልተነቃነቀም፤ ከዚህ በታች የሚሰጥህ መንዛሪ እየበላህ ነው።

ጥያቄ፦ ባሕሩ ዳር ሞተር መንዳት ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን ያኔውኑ በጨው አልባ ውሃ እጠባትና ካቴናዋን ዘይት ቀባት። እኔ ታጁራ ላይ ልብሴን አውልቄ ሮጥኩ፣ ሞተሯን ረሳኋት። ደሴ ስገባ የካቴናው መያዣ ዝጎ በመዶሻ ነው የፈታሁት።